በፌስታል የተከደነ ራዲያተር

ባለፈው ሳምንት ስለ ባትሪ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ባትሪ አይደሉም። «መኪናዬ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ግን ይሞቅብኛል፤ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ ናቸው። አንዲት እናት ደግሞ «ባለቤቴ በየጠዋቱ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይጨምርለታል፣ ይህ ጤና ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ጤና አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከአንድ ጉዞ ልጀምር። ቤታችን ውስጥ ይህን ጉዞ በደስታ የሚያነሳ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ግን እኔ ብጽፈው የሚቀየመኝ አይኖርም።

ባለቤቴ የበየዳ ልጅ ናት። በየዳ ለማታውቁት ከደባርቅ ወዲያ፣ ራስ ደጀን የሚገኝበት ደገኛ ወረዳ ነው። ለሥራ ባልደረባዬ «ለጥር በየዳ ልሄድ ነው» ስለው «ምንህ ተሰብሮ ነው ለብየዳ እዚያ ድረስ የምትሄደው?» ብሎኝ ተሳስቀን ነበር። በኋላ ሳስበው ትንቢት መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ልታገባ ነበርና በአሮጌዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክሳችን ከአዲስ አበባ ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና የባለቤቴ የታላቅ እህቷ ልጅ ነበርን። ልጁ ያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነው፤ ጋሼ እያለ ይጠራኛል፣ መኪና ከነዳሁ ደግሞ ከጎኔ አይጠፋም። ከኋላ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ብረት ድስት፣ ስንቅ ጭነናል። ሠርግ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት መርፌው ከመሃል አልፎ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቆምን። ትንሽ ጠበቅሁና ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን በጥንቃቄ ከፈትኩት፤ ፉት ብሎ ተነፈሰ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሄድን። «የበረሃው ሙቀት ነው» አልኩ። ልጁ ከአጠገቤ ቆሞ እያንዳንዷን እንቅስቃሴዬን ይመለከት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጎንደር አድረን በማግስቱ ማለዳ ዳባት ስንደርስ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ቁርስ እስክንበላ ድረስ ክዳኑን አየሁት። የውስጡ ጎማ ቀለበት እንደ ድርቆሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባገኘሁት ሱቅ ጠየቅሁ፤ ለእኔ መኪና የሚሆን ክዳን የለም። ጎንደር ተመልሶ መግዛት ማለት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ነገ። ታዲያ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃትን ዘዴ ተጠቀምኩ፦ ፌስታል አጣጥፌ ከክዳኑ ሥር አድርጌ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ባለቤቴ «ይሄ ይበቃል?» አለችኝ። «ኧረ እስከ በየዳ ብቻ ያድርሰን» አልኳት።

አላደረሰንም። ደባርቅን አልፈን ወደ ሰሜን ተራሮች ገባን፣ ሳንቃ በርን፣ ከዚያም ጨነቅን አለፍን። ከጨነቅ ወዲያ መንገዱ ወደ ቧሂት መሻገሪያ ይወጣል፤ እዚያ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቧል፣ እኔም በዚህ ብርድ መኪና ይሞቃል ብዬ አላሰብኩም። መርፌውን ያየሁት ነጭ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

ዳር ይዤ አቆምኩ። መኪናዋ ዳገት ላይ ስለሆነች ወርጄ ጎማዋን የማስደግፍበት ድንጋይ ፍለጋ ዞር አልኩ። ድንጋዩን ይዤ ስመለስ ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጃኬቱን በእጁ ላይ ጠቅልሎ ክዳኑን ይዟል። «ጋሼ፣ ውሃ ልጨምር?» አለኝ። «ተው!» ስል ክዳኑ ዞሯል።

የፈላው ውሃ ከእርሱ ቁመት በላይ ተተኮሰ። ፊቱን ቶሎ ስላዞረ እግዚአብሔር ይመስገን ዓይኑ ተረፈ። ቀኝ ክንዱ ግን ከመዳፉ እስከ ክርኑ ተቃጠለ። ጩኸቱ ሜዳው ላይ ሳር ይነጩ የነበሩትን ጭላዳዎች በተናቸው። እርሱ ያደረገው ደግሞ እኔ ዓባይ በረሃ ላይ ሳደርግ ያየውን ነው። እኔን ዕድል አተረፈኝ፤ እርሱን አላተረፈውም።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ያደረገችውን መጻፍ አለብኝ፣ ከራዲያተሩ ይልቅ ለቤተሰብ የሚጠቅመው ይኸው ነውና። ሰዓቱን ከእጁ ፈታች፣ እጅጌውን በመቀስ ቀደደች፣ የጀሪካኑን ውሃ በክንዱ ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰች። ያለማቋረጥ 20 ደቂቃ። ውሃው ሲያልቅ ልጆቻችን ከምንጭ አመጡ። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ጋቢ አለበሰችው። በመንገዱ የሚያልፉ አንዲት ደግ እናት ቅቤ ይቀባ አሉ፤ ሌላው የጥርስ ሳሙና አለ። «እማማ፣ አመሰግናለሁ፣ ቁስሉን ያፍነዋል» ብላ በትሕትና መለሰቻቸው። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ዱቄትም፣ እንቁላልም ቃጠሎ ላይ አይደረግም፤ ሙቀቱን ሥጋው ውስጥ ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ለምርቀዛ ይዳርጉታል። ውሃ የቋጠረውን ቆዳም ማፍረጥ አይገባም። በመጨረሻ ንጹሕ ነጠላ ላላ አድርጋ ሸፈነችለትና፣ ወደ ደባርቅ በሚመለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከልጆቹ ጋር ይዛው ወደ ሐኪም ሄደች። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ቀባችሁት?» የሚል ነበር። «ምንም፣ ውሃ ብቻ» ስትለው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሠርጉ እኛ ሳንኖር አለፈ። ባለቤቴ በእህቷ የሠርግ አልበም ውስጥ የለችም።

እኔ መኪናዋን ይዤ ቀረሁ። የቅጥቅጡ ሾፌር፣ በዚያ መንገድ ያረጁ ሰውዬ፣ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው «ይህን የምንጭ ውሃ አሁን እንዳትጨምር፣ ቴስታታውን ትሰነጥቀዋለህ፤ እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፈህ መቆየት እስክትችል ጠብቅ» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ያልጠበቅሁት ነበር፦ «እዚህ ካደርክ ደግሞ ማታ ውሃውን ከሥር ልቀቀው። ሌሊት በረዶ ይሆንና ሞተርህን ያፈነዳዋል።» ቀን በመፍላት ያስቸገረኝ ውሃ ሌሊት በመርጋት ሊያጠፋኝ ነው። ሰውዬው ፊዚክስ አልተማሩ ይሆናል፤ ነገሩን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሞተር ብረት ደግሞ ለዚያ ቦታ የለውም። በሰሜን ተራሮች የበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች መውረድ ብርቅ አይደለም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ፣ ውሃ ሞልቼ፣ በቀስታ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። አዲሱ ክዳን በማግስቱ ከጎንደር መጣልኝ። ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ ምሳ አይበልጥም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። መኪና ለምን ዳገት ላይ፣ ያውም በብርድ አገር ይፈላል?

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ነው። (ባሕር ዳርቻ ስል ምፅዋን እንጂ ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ ባሕር ዳርም ደጋማ ናት፣ ከ1,800 ሜትር አትወርድም።) ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ልክ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 2,850 ሜትር ላይ ባለችው ደባርቅ በ90 ገደማ፣ ቧሂት መሻገሪያ ላይ ደግሞ በ86 ገደማ። የበየዳ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፦ ባቄላው ድስት ውስጥ እየተንተከተከ ግን አይበስልም።

የሞተሩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጤናማ ሞተር የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታል። አስተውሉ፦ ቧሂት ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ቴርሞስታቱ በቅጡ ሳይከፈት ይፈላል ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ መኪና እንዴት ተሻገረ? በክዳኑ።

የራዲያተር ክዳን እንደ ጀሪካን ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተደረገ አይደለም። ሥራው የፕሬዠር ኩከር ክዳን ሥራ ነው። ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ግፊቱ እስከተወሰነ ልክ እንዲጠራቀም አድርጎ ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ወደ ትርፍ ጠርሙሱ ይለቃል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ልኩ እርሱ ነው። ደህና የሆነ 0.9 ክዳን ካለ ያው ውሃ ቧሂት ላይ እንኳ እስከ 110 ዲግሪ ገደማ አይፈላም። ክዳኑ ሲያረጅ እነዚያን ከ20 ዲግሪ በላይ የሚሆኑ የመተንፈሻ ዲግሪዎች ታጣላችሁ። ከተማ ውስጥ በለስላሳ መንገድ ላይታወቃችሁ ይችላል። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይመጣል። የእኔ ፌስታል ግፊቱን አልያዘም፤ ሙቀቱን ግን ደብቆልኛል።

ክዳኑ በሙቅ ሞተር ላይ ሲከፈት የሚሆነውም ከዚሁ ይገባችኋል። በግፊት ታፍኖ ከመፍያው በላይ የሞቀ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲነሳለት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ የቀረውንም ይዞ ይወጣል። ጨርቅ፣ ጃኬት፣ ጓንት አያድንም። እንዲያውም የፈላውን ውሃ መጥጦ ቆዳ ላይ ይለጥፈዋል።

እንደኔ እምነት ራዲያተር ቤት ውስጥ ማጽዳት የሚጀምረው ከዚችው ክዳን ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ክፈቷት። ጎማዋ ለስላሳ ነው ወይስ ደርቋል? ስፕሪንጓ በጣት ስትጫኑት ይመለሳል? መሃሏ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭስ ትከፈታለች? ይህች ትንሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲበርድ ከትርፍ ጠርሙሱ ውሃ መልሳ የምትስብ ናት። እርሷ ከተበላሸች ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ባዶ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ጠርሙሱን ብቻ አይቶ «ሙሉ ነው» እያለ ሞተር ያቃጥላል። የላይኛው ወፍራም ቱቦ ጠዋት ጠዋት ተጨምድዶ ካገኛችሁትም የምትጠረጠረው እርሷ ናት። ስትገዙ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብሎ 0.9ን በ1.1 መተካት ያረጀ ቱቦ ያስፈነዳል።

ሰብል በሚወቃበት ወቅት በገጠር መንገድ ከነዳችሁ ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት ተመልከቱ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ በበጋ የገብስ እብቅ እንደ ጭጋግ ይበናል። እብቁ፣ አቧራው፣ ትንኙ ተደባልቆ በቀጫጭኖቹ ክንፎች መካከል ይጠቀጠቅና እንደ ምርጊት ይሆናል፤ አየር አያልፍም። ይህን ለማጽዳት መካኒክ አያስፈልግም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፤ በአንዳንድ መኪና ፋኑ ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ይችላልና ጣት ይቆርጣል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በለስላሳ ብሩሽ፣ በክንፎቹ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ቀባ ቀባ አድርጉና እብቁን አርጥቡት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ማለትም በገባበት በኩል እንዲወጣ አድርጋችሁ እጠቡት። በመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ግን አታስመቱት። ክንፎቹ እንደ ወረቀት ይተኛሉ፣ አንዴ ከተኙ እያንዳንዳቸውን በቀጭን እንጨት ማንሳት የቅዳሜ ሙሉ ሥራ ነው። ከልምድ ነው የምናገረው።

የውስጡ እጥበት ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማንቆርቆሪያችሁ ታች የሚለጠፈውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ? ያው ከራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይለጠፋል፤ ዝገትም ይታከልበታል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሰፊ ሳፋ ከሥር አድርጋችሁ የታችኛውን መልቀቂያ አላሉት። የሚወጣውን ቀለም እዩ። ንጹሕ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እንደ ጭቃ ቀይ ከሆነ ዝገት ነው። ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ፣ ወይም የሞተር ዘይት መለኪያውን ስትመዙት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ እጥበቱን ተዉትና ወደ መካኒክ ሂዱ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም።

መልቀቂያውን ዘግታችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፤ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉ፤ በማሞቂያው ቱቦ ያለውም አብሮ እንዲታጠብ ነው። ሞተሩን አስነሱና የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ይሥራ፤ ቴርሞስታቱ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። አጥፉት። እስኪቀዝቅዝ ጠብቁ፣ አፍስሱ፣ ድገሙት። የሚወጣው ውሃ እንደገባው እስኪጠራ ሦስትም አራትም ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ መደብር ውስጥ ይሸጣል፤ ከተጠቀማችሁ በላዩ ላይ የተጻፈውን ጊዜ አታሳልፉ። በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የልብስ ሳሙና ግን አይገባም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የዛሬ መኪና ራዲያተር ደግሞ አብዛኛው አሉሚኒየም ነው።

ከዚያ በምን እንሙላው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጠብ ያለው። «ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ ነው የምጨምረው» የሚሉ አንባቢ አሉ። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ቅርፊት የሚሠራውን ማዕድን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም፤ ራዲያተር ደግሞ ተቅማጥ አይዘውም። የሚፈለገው የተጣራ ውሃ ነው፤ ለባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፣ አሲዱ እንዳይሆን ግን ጠይቃችሁ ግዙ። በክረምት ቆርቆሮው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ከቧንቧው ይሻላል። ይህን ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም፣ ከንጹሕ ውሃ ዘግይቶ ይፈላል፣ ዝገትም ይከላከላል። ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ፤ በእርሱ ላይ ውሃ አይጨመርም። በቀለሙ አትታለሉ፤ አረንጓዴና ቀይ ማለት በሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። ዓይነቱን ካላወቃችሁ ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ አዲስ ሙሉ እንጂ አትደባልቁ።

ስትሞሉ ቀስ ብላችሁ፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ቢሆን ይመረጣል፤ አየር ወደ ላይ እንዲወጣ። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ፣ የላይኛውን ቱቦ ገና ለብ ሳለ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ አረፋው ሲያቆም ሞልታችሁ ክደኑ። ውስጥ የቀረ አየር ራሱ መኪና ያሞቃል፤ «አጥቤው ባሰበት» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህችን ረስተው ነው።

ኩላንት ልጆች ባሉበት ቤት መርዝ መሆኑን ልብ በሉ። አብዛኛው የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ ቀለሙም ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። ጥቂቱ ሕፃንን፣ ውሻን ይገድላል፤ ኩላሊት ያበላሻል። በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የፈሰሰውን በሳፋ ግቢ ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትብሉ። ልጅ ከቀመሰው አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በዚያችው ደቂቃ ወደ ሐኪም።

የአንድ አጎቴን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ራዲያተራቸው ሲያፈስ እንቁላል ይሰብሩበታል፣ ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩበታል። እውነት ለመናገር ለጊዜው ያቆመዋል። አንድ ጊዜ ግን ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ እንደ ሽሮ ወጥ ረግቶ ነበር፤ ቱቦዎቹ ግማሾቹ ተደፍነዋል። ቀዳዳ የሚደፍን ነገር ቀዳዳውን ከጤናማው ቱቦ አይለይም። የድሮው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ቢቀደድ ለጥሩ በያጅ ተሰጥቶ ይድናል። ላይና ታቹ ፕላስቲክ የሆነው የአሁኑ ግን ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ የሚበየድ ነገር የለውም፤ መለወጥ ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። በቀን አንድ ሃይላንድ የሚጠጣ መኪና ውሃውን የሆነ ቦታ እያደረሰው ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርጉና ጠዋት እዩት። ካርቶኑ ከረጠበ የረጠበበትን ቦታ አንጋጣችሁ ተመልከቱ፦ ቱቦ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ራዲያተር። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለ ግን ነገሩ ይከፋል፤ ሞተሩ ውስጥ እየገባ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ታዩ እንደሆነ ጠይቁ። በ1888 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ባሏ በሠራው መኪና ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ስትጓዝ በየመንደሩ እየቆመች ውሃ ትጨምር ነበር። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ማለት። ያ መኪና ግን ውሃውን እያፈላ የሚጨርስ ሆኖ የተሠራ ነበር። የማር እንጀራ የሚመስለው ራዲያተር በ1901 በመርሴዲስ ላይ ከመጣ ጀምሮ ውሃ በየጠዋቱ መጨመር ሥራ መሆኑ ቀርቶ ምልክት ሆኗል። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ዳገት ላይ መርፌው መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ መስኮት ከፍታችሁ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ላብ ያሰምጣችኋል፤ ሙቀቱን ግን ከሞተሩ ይወስዳል። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አቁሙና አጥፉ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የፈላ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ። ቡና ካለ ቡና ጠጡ። ልጆቹን ከኮፈኑ አርቁ።

የያኔው ልጅ ዛሬ ሰው ሆኗል። ክንዱ ላይ ከክርኑ በታች ቆዳው ፈካ ያለ ነው፤ እጅጌ አጥፎ ሲቀመጥ ይታያል፣ አይሸሽገውም። ባለፈው እሑድ ቤት መጥቶ ኮፈን ከፍቼ አገኘኝ። ሰላም ሳይለኝ በፊት መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና፣ «ቀዝቅዟል ጋሼ፣ አሁን ክፈተው» አለኝ።